ያልተጣሉትን ሊያስታርቁ የመጡ ሽማግሌዎች

እኔ ኃጢአተኛይቱ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ፣ በሰውም በመላእክትም ፊት እናዘዛለሁ... የቤት ሥራዬን ከጭንቅላቴ ፈጥሬ ጻፍኩ። ኃጢአቷ ትንሽ ናት። ግን ባለፈው እሑድ ሦስት ከዘራ አስከትላ ቤታችን ድረስ መጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንድሮ ከሸዋ የመጡ ወይዘሪት አልማዝ የሚባሉ የጤና አጠባበቅ አስተማሪ አሉን። ጥፍር፣ ቅማልና ዝንብ ጨረስንና የቤተሰብ ሰላም የሚባል ምዕራፍ ገባን።

«ቤቱ ሰላም ያጣ ልጅ ጤናም የለውም» አሉን። «እናትና አባታችሁ ሲቀያየሙ እንዴት እንደሚታረቁ ጠይቃችሁ አንድ ገጽ ጻፉ።»

ጠይቃችሁ! አባቴን ጥያቄ ጠይቆ መልስ የሚያገኘው እኮ የኬላ ዘበኛ ብቻ ነው። ደግሞም ወላጆቼ ተጣልተው አያውቁም... ለመጣላት መነጋገር ያስፈልጋላ። አባዬ የጭነት ማኪና ይነዳል። ከደባርቅ ወይ ከዛሪማ ሲመለስ የማኪናዋን አፍንጫ መታ መታ ያደርግና «ሸጋዬ» ይላታል። እናቴን «ስሚ» ይላታል። እሷም «አንቱ» ትለዋለች። እኔን ደግሞ «አንቺ ልጅ» ነው የምትለኝ። ስሜ ደብሬ ነው፤ ከእናቴ አፍ ግን ሰምቼው አላውቅም። ሥራ ስለሚበዛባት ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ፈጠርኩ። እናቴን ሦስት ሳምንት አስኮረፍኳት። ማድ ቤት አስተኛኋት። አባዬን ማኪናው ውስጥ አሳደርኩት። ላስታርቃቸው ስል... ገጹ አለቀ።

ወይዘሪት አልማዝ አንብበው ደነገጡ። ለአገሩ እንግዳ ናቸውና ሰው ቢያማክሩ፣ «ለዚህማ የነፍስ አባት አለላቸው» ተባሉ። ደብተሬን ይዘው የነፍስ አባታችን መምሬ ዓለሙ ዘንድ ሄዱ።

እኔ ምኑንም አላወቅሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ መምሬ ከነመስቀላቸው፣ ጎረቤቶቻችንን አያ ካሴንና አያ ንጉሤን አስከትለው ገቡ። ከመምሬ ጋቢ ሥር የደብተሬ ጫፍ ብቅ ብሏል። አባዬ ትምህርት ቤት ያስገባኝ ዕለት የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አንዲት ስሞታ ከመጣች ደብተርሽ ምድጃ ይገባል፣ አንቺም እቤት ትቀሪያለሽ።»

ሹልክ ብዬ ከጎታው ጀርባ ገባሁ።

«ሰላም ለዚህ ቤት» አሉ መምሬ። «ማን ነገረን፣ ምን ተባለ አንልም። ብቻ ታረቁ።»

የሽምግልና ደንብ ነው፤ ስሞተኛ በስም አይነሣም። አባዬ እናቴን አያት። እናቴ አባዬን አየችው። እሱ እሷ የከሰሰችው መሰለው፣ እሷም እሱ የከሰሳት። አልተጣላንም ብሎ ሽማግሌ መመለስ ደግሞ ነውር ነው።

«ይቅር በይኝ» አለ አባዬ፣ ምን እንደበደለ ሳያውቅ።

«እርስዎም ይቅር ይበሉኝ» አለች እናቴ፣ እሷም ሳታውቅ።

እዚህ ላይ ቢበቃ ሸጋ ነበር። አያ ካሴ ግን ጠላቸውን ገና አላጋመሱም።

«ምነው! ይህ ምኑ ዕርቅ ነው? ከሆድ ይውጣ እንጂ!» አሉ።

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች።

«ይውጣ ካላችሁ» አለች። «ይኸው አሥራ አራት ዓመት ልጄን በስሟ ጠርቼ አላውቅም።»

አያ ካሴ ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

«ሆዴ ውስጥ ሳለች የሻረግ ብያት ነበር። እርሳቸው በክርስትናዋ ድግስ፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ የእናታቸውን ስም ሰጧት። ምራት ሆኜ የአማቴን ስም በምን አፌ ላንሣው? ማኪናዋ እንኳ የምትጠራበት አላት። ለልጄ ግን እኔ የምጠራት የለኝም።»

ግራ ገባኝ። እኔ የጻፍኩት ሦስት ሳምንት ነው። አሥራ አራት ዓመቱ ከየት መጣ?

«ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?» አለ አባዬ።

«መቼ ጠየቁኝ?»

መምሬም ግራ ተጋቡ። «ቆይ እስቲ... ማድ ቤት የተኛሽው እንግዲህ በዚህ ነው?»

«ኧረ የምን ማድ ቤት?»

«አንተስ ማኪናው ውስጥ ያደርከው?»

«እኔ? በዚህ ብርድ?»

«ተጽፏል እኮ!» አሉ መምሬ፣ ደብተሬን ከጋቢያቸው አውጥተው ወደ ላይ ከፍ እያደረጉ። አያ ንጉሤ እስካሁን ሲያንቀላፉ ነበርና፣ ብንን ብለው ሊሳለሙት ግንባራቸውን አቀረቡ።

አባዬ ደብተሩን ተቀበለ። ሽፋኑ ላይ በትልቁ ደብሬ ተብሎ ተጽፏል፤ ለማሳመር ብዬ ሁለት ጊዜ ነበር ያደመቅሁት። ጣቱን በስሙ ላይ አሳለፈ። ምድጃውን አየ። እኔም አየሁት። እሳቱ ደግሞ ያን ዕለት እንዴት አምሮበት ነበር...

ደብተሩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ቀና ሲል ከጎታው ሥር የወጡት እግሮቼ ላይ ዓይኑ ዐረፈ። ቀጥሎ እናቴን አየ። ረጅም ጊዜ አያት፤ ማኪናዋ ስትበላሽበት እንኳ እንዲያ አስተውሎ አይቷት አያውቅም።

«የሻረግ!» አለ። «ነይ ውጪ።»

ዘወር ብዬ ኋላዬን አየሁ... ከግድግዳው በቀር ማንም አልነበረም።