እንዲህ መሳት ማን አስተማረህ?

ባለቤቴ ቸርነት ሽንኩርት መክተፍ አያውቅም። የጦር ሠራዊት ወጥ ቤት ነበርኩ ብሎ ወረቀት ላይ ያስጻፈ ሰው ሽንኩርቱን እንደ ማገዶ ይፈልጠዋል። ጄኔቭ፣ ላንሲ የሚባል ሰፈር ስንኖር፣ ገና እንደተጋባን ነው የነገረኝ፤ ባድሜ ላይ አነጣጣሪ ተኳሽ ነበር። ጥገኝነት ሲጠይቅ ግን አንድ ደላላ "መሣሪያ ይዤ ነበር ካልክ አይቀበሉህም" ስላለው፣ "ወጥ ቤት ነበርኩ፤ ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም" አለ። እኔም ከዚያ ወዲህ "የኔ ወጥ ቤት" እያልኩ አሾፍበታለሁ። እሱ ዝም ብሎ ይፈልጣል።

አሁን የምንኖረው ከዙሪክ ወጣ ብላ፣ ከኦርሊኮን ጣቢያ በኤስባን ባቡር ሃያ ደቂቃ በምታስኬድ ትንሽ መንደር ነው። የቸርነት የዜግነት ቃለ መጠይቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ከጠያቂዎቹ አንዱ ኩንዝ የሚባሉ ጡረተኛ አናጺ ናቸው፤ የመንደሩን የተኩስ ማኅበር የሚመሩትም እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ደጃችን ድረስ መጥተው "ቅዳሜ ለጀማሪዎች የተኩስ ሥልጠና አለ፤ ኑ፣ ከሰው ትተዋወቃላችሁ" አሉን። ቸርነት እምቢ ቢል ለምን ይባላል። ቢሄድ እጁ ያጋልጠዋል፤ ከተጋለጠ ደግሞ ዜግነቱ ቀርቶ መኖሪያ ፈቃዱም ያሰጋል። እንቅልፍ አጣን። በመጨረሻ "እሄድና እስታለሁ። መሳት ምን ይከብዳል?" አለ።

አመንኩት። ሞኝ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የተኩስ ቤቱ በጎረቤት ተሞልቶ ነበር። እዚህ አገር ሰው ጠመንጃ አንግቶ ኤስባን ውስጥ ቢቀመጥ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ እኔ ግን እስካሁን አልለመድኩትም። የጆሮ መከለያ ሰጥተውኝ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ቸርነት ጀማሪ ለመምሰል ያላደረገው የለም። ሰደፉን የት እንደሚያሳርፍ ጠየቀ፣ ክርኑን አወላገደ። ኩንዝ ተንበርክከው አስተካከሉት። በሆዱ ተኝቶ ጉንጩን ሰደፉ ላይ ሲያሳርፍ ግን ጀርባው ረጋ። ትንፋሹም ያለ አይመስልም። ያንን ጀርባ አሥራ አራት ዓመት አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። እባክህ ትንሽ ተነቃነቅ፣ አልኩ በልቤ።

አምስት ጊዜ ተኮሰ። ኢላማው ሦስት መቶ ሜትር ስለሚርቅ ጥይቱ ያረፈበትን የሚያሳየው አጠገቡ ያለው ትንሽ ስክሪን ነው። አምስቱም ከጥቁሩ ክብ ውጭ ነበሩ። እልል ማለት ነበር የቀረኝ።

ከዚያ የኩንዝን ፊት አየሁ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብዬ ስመለከት አምስቱም ነጥቦች ከታች በግራ በኩል ተደራርበዋል፤ ኢላማው ላይ ቢሆን በአንድ መዳፍ ይሸፈናሉ።

ኩንዝ ቸርነትን አስነስተው በዚያው ጠመንጃ አንድ ጥይት ተኮሱ። መሃል፣ አሥር ነጥብ። ጠመንጃው ምንም አልነበረበትም።

ከተኩስ ቤቱ ጀርባ ይዘውን ወጡ። "የማይችል ሰው ጥይቱን ይበትናል። አንተ አልበተንክም" አሉት። ተኩስ ቤት ውስጥ ሁሉም አንተ ይባባላል፤ ቸርነት ግን አልለመደውም። "እንዲህ መሳት ማን አስተማረህ?"

እኔ አጋጣሚ ነው ልል አፌን ስከፍት ቸርነት ቀደመኝ።

"ማንም አላስተማረኝም። ጦርነት ላይ አነጣጣሪ ነበርኩ። አንድ ሰው መታሁ። ከዚያ በኋላ መምታት አቃተኝ። አለቃዬ በመነጽር ስለሚያይ አለመተኮስም አልችልም። ስለዚህ ከሰውየው በስተግራ ዝቅ አድርጌ እተኩስ ነበር፤ ሁልጊዜ እዚያው። አለቃዬም እንደ እርስዎ ነቃብኝ።"

"ከዚያስ?"

"ሊረሽነኝ ይችል ነበር። ወጥ ቤት ጣለኝ፤ ማገዶ ስፈልጥ ከረምኩ። ወረቀቴ ላይ ጠመንጃ አልነካሁም ያልኩት ውሸት ነው። ወጥ ቤቱ ግን እውነት ነው።"

ከአነጣጣሪነቱ በቀር ይህን ሁሉ እኔም የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ያሾፍኩበት ዓመት ሁሉ ፊቴ ድቅን አለና አፈርኩ።

ኩንዝ "ያየሁትን አላየሁም ማለት አልችልም" አሉ። "ሰኞ ራስህ ጽፈህ አምጣው። እኔ ከምናገር ሌሎቹ ጠያቂዎች ካንተ ቢሰሙት ይሻላል።"

"ዜግነቱስ?" አልኳቸው።

"አላውቅም" አሉ።

እሁድ ደብዳቤውን ልንጽፍ ተቀመጥን። ወረቀቱ ባዶ እንደሆነ ቸርነት ተነስቶ ሽንኩርት መፍለጥ ጀመረ። ቢላዋውን ከእጁ ተቀበልኩት።

"ያን ሁሉ ዓመት ስስቅብህ ለምን እውነት ነው አላልከኝም?"

"ብነግርሽ ከመታሁት ሰው መጀመር ነበረብኝ" አለ።

ደብዳቤውንም ከዚያው ሰው ጀመርነው።