የፕሮፌሰር ሙኽታር ዱቄት

ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር፣ በእኛ ሕንጻ የሚኖር ሰው ስለ ደም ሥር የማያውቀው ነገር የለም። ሙኽታር አስተምሮናል፤ ብንፈልግም ባንፈልግም። ሙኽታር ኢቶቢኮ በሚባለው የከተማው ክፍል የሆቴል እንግዶችን ወደ ኤርፖርት የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል፣ ሲጨርስ ተቀምጦ ያስተምራል። መስጊዱ ከበራችን ይታያል፤ እሱ ግን በመኪና ነው የሚሄደው። ፓርኪንግ ፈልጎ እስኪያቆም ሌሎቻችን ሰግደን እንወጣለን። "ፕሮፌሰር" ያልነው ልንቀልድበት ነበር፤ ስሙን ወደደው።

ነገሩ የጀመረው መንጃ ፈቃዱን ለማሳደስ የሐኪም ፎርም ሲያስፈልገው ነው። ደም ግፊቱ መቶ ሃምሳ ስምንት ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ ዶክተር ከውሰር የአገራችን ልጅ ናት።

"ጋሼ ሙኽታር፣" አለችው፣ "መድኃኒት ከመጀመራችን በፊት በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ዋክ ያድርጉ፣ በእግር ይሂዱ። ስድስት ሳምንት እሰጥዎታለሁ። ካልወረደ ግን ፎርሙን ሳይን አላደርግም።"

ፎርሙ ካልተፈረመ ሥራ የለም። በሃምሳ ስድስት ዓመቱ መጋዘን ገብቶ ካርቶን ሊሸከም ነው። እሱን ያንገበገበው ግን ሌላ ነገር ነበር።

"ዋክ አድርግ ትለኛለች!" አለ ለሚስቱ ለዘይነብ። "ኪኒን የለ፣ መርፌ የለ! ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማረችው?"

እኛ ዘንድ ባዶ እጃችንን የሚሸኘንን ሐኪም፣ እንደ ናቀን እንጂ እንዳከመን አንቆጥረውም። ሙኽታርም ስልኩን ከፍቶ ራሱን ማከም ጀመረ። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ደም ሥርን እንደሚያላላ፣ ሕዋሳትም ጋዙን አርጂኒን ከሚባል ነገር እንደሚሠሩት ሰማ። ባልዲ የሚያክል ጣሳ ሙሉ የአርጂኒን ዱቄት ገዝቶ መጣ።

የሚያናድደኝ፣ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። እኔ የሕክምና ላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝ፤ ማንም ግን ጠይቆኝ አያውቅም። የደም ሥርን ግድግዳ ከውስጥ የለበሱት ሕዋሳት ጋዙን ዝም ብለው አያመርቱም። ደሙ በፍጥነት ሲያልፍ እያሻሸ ይገፋቸዋል፤ ያኔ በውስጣቸው ካልሲየም ይጨምራል፣ አምራቹ ኢንዛይም ይነቃል። ጋዙ አጠገባቸው ያለውን ጡንቻ አላልቶ በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል፤ ግፊያው ሲቀንስ ምርቱም ይቀንሳል። አርጂኒኑ አብዛኛውን ጊዜ አይጎድላቸውም። የሚጎድላቸው ባለቤታቸው ከወንበሩ መነሳቱ ነው። ይህን አንዴ ልነግረው ሞክሬ፣ "አንተ ገና ጀማሪ ነህ" ብሎኛል።

በሳምንቱ የሚሠራው አንድ ሊፍታችን ተበላሸ። ሁለተኛው ከሞተ ቆይቷል። የሕንጻው ጠባቂ "አይሠራም" የሚል ወረቀት ለጠፈበት። ሙኽታር አስራ አንደኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። በቀን ሁለት ሦስቴ ደረጃውን እየተራገመ ወጣ፣ እያረፈ ወጣ፣ በኋላ ሳያርፍ ወጣ። እንዲህ አምስት ሳምንት አለፈ።

ዶክተር ከውሰር ስትለካው መቶ ሠላሳ አራት። "ማሻአላህ! ምን አደረጉ?"

"ዱቄት!" አለና ሌክቸር ጀመረ።

ዘይነብ ከጎኑ ሆና ቀስ ብላ፣ "ሊፍታችን ተበላሽቷል" አለች።

ዶክተሯ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ፈረመች። "በሦስት ወር እንደገና እለካዎታለሁ። ከጨመረ ፎርሙ ዋጋ የለውም።"

በማግስቱ ሊፍቱ ተሠራ። ሕንጻው ሁሉ ደስ አለው፤ ዘይነብ ግን ፊቷ ጠቆረ።

ሙኽታር መኪናውን ሲያቆም ምግቡ እንዲሞቅለት ሁልጊዜ ወደ ቤት ይደውላል። የዚያን ቀን ከሥራ ስመለስ ዘይነብን ሊፍቱ በር ላይ አገኘኋት። የጠባቂውን አሮጌ ወረቀት በፕላስተር እየለጠፈች ነው።

"ዘይነብ፣ ምን እየሠራሽ ነው?"

"ዝም በል! ደውሏል፣ እየመጣ ነው። ሲያልፍ እነቅለዋለሁ። ወላሂ፣ ሦስት ወር ብቻ!" ብላ ከፖስታ ሳጥኖቹ ጀርባ ተሸሸገች።

ሙኽታር ገባ። ወረቀቱን አይቶ አከራዩን ረገመና ክንዴን ያዘኝ። "ና፣ አብረን እንውጣ።"

ምን ልበል? ወጣሁ። ደረጃውን ሙሉ ስለ ናይትሪክ ኦክሳይድ አስተማረኝ። ከኋላችን ሊፍቱ ዘይነብን ይዞ ሲወጣ ይሰማኛል፤ እሱ ድምፁ ከፍ ስላለ አልሰማም። እኔ የምኖርበት ዘጠነኛ ፎቅ ስንደርስ ግድግዳ ተደግፌ አለከለክሁ። እሱ ትንፋሹ እንኳ አልተለወጠም።

ከልቡ እያዘነ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "ወንድሜ፣" አለኝ፣ "አንተም ዱቄቱን ጀምር።"