እትዬ ወርቅነሽና ሳተላይቷ

እትዬ ወርቅነሽ በሸዋ ሮቢት ስልክ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ከአንድ ወንበር ላይ ሠርታለች። ከአጣዬ አዲስ አበባ የሚደወል ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋል። መስመሩ ሲደክም ደግሞ፣ የማይደክምበት ቀንም የለ፣ ከወዲያ የተባለውን ሰምታ ወዲህ በራሷ ድምፅ ትደግመዋለች። አጠገቧ ቴምብር ስሸጥ ጆሮዬን ያደነቆረችው እሷ ናት።

በ1962 ዓ.ም. ሽፈራው የሚባል ቴክኒሺያን ከአዲስ አበባ መስመር ሊጠግን መጣ። የሮቢት ሙቀት ላቡን እያወረደው ስለ ሳተላይት አወራን። የባሕር ማዶ ሰዎች በእሷ በኩል ይነጋገራሉ፤ ሰማይ ላይ ሆና ካለችበት ንቅንቅ አትልም አለን። እትዬ ወርቅነሽ የምትጠይቀው ነገር ካገኘች ሰው አታሳርፍም። እንዴት አትወድቅም? ማን ተቀምጦባታል? ምን ትበላለች?

ማንም የለባትም፣ የፀሐይ ብርሃን ይበቃታል አላት። የቆመች የምትመስለው መሬት በምትዞርበት ልክ አብራ ስለምትዞር ነው። ደክሞ የደረሳትን ድምፅ አጉልታ መልሳ ትልካለች። ከቦታዋ ፈቀቅ ስትል የምትመለስበት ጥቂት ነዳጅ አላት፤ እሱ ሲያልቅ ሥራዋም ያበቃል።

«እኔን እኮ ነው የምትለው» አለች፣ ደስ ብሏት።

በማግስቱ ገና ስንከፍት አብዱልሃዲ የሚባል ሰው ከአጣዬ ደወለ። እናቱ አርፈዋል፤ ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ስለሆነ አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ ሁሴን አሁኑኑ ይነሣ። መስመሩ ደክሞ ነበርና መንገሩ የእሷ ፋንታ ሆነ። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም፤ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ነው። ሰው አገር ብቻውን ቆሞ እንዴት ይስማው? «እናትህን ትንሽ አሟቸዋልና ና» ብላ አስተላለፈች። እኔም አበጀሽ አልኳት።

ሁሴን መድኃኒት ሲፈልግ ውሎ በማግስቱ ተነሣ። በሦስተኛው ቀን ከአጣዬ ወደ እኛ መጣና መድኃኒቱን እንደታሰረ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እትዬ፣ ወንድሜ ምን ብሎ ነበር የነገረዎት?»

ሳትደብቅ ነገረችው።

«እንደዚያው ቢነግሩኝ እደርስ ነበር። አንድ እፍኝ አፈር እንኳ አላለበስኳትም» አለና ወጣ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ የባሰውም እሱ ነው።

እትዬ ወርቅነሽ አለቀሰች። ሽፈራው ዕቃውን ሲሸክፍ ጠየቀችው፦

«ያቺ ሰማይ ያለችው፣ መርዶ ሲደርሳት ምን ታደርጋለች?»

«እንደሰማችው ታወርደዋለች። ምን እንደሆነ የት አውቃ።»

«ታድላ» አለች።

ከዚያ ወዲህ መርዶ ሲመጣ አንድ ቃል አትለውጥም። አስቀድማ ግን «አጠገብህ ሰው አለ? ከሌለ ጥራ» ትላለች፤ የተጠራው ሰው እስኪመጣም መስመሩን ይዛ ትጠብቃለች።