ውሃ የጠጣው ቀይ ጨርቅ

ቀዘፋ የሚያስተምረውን ወዳጄን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ቆይ» ይለዋል። ጀማሪ መቅዘፊያ ጨብጦ ሲቸኩል ከአፉ የሚወጣው ቃል ይኸው ነውና። «ሲወለድም ‹ቆዩ› ብሎ ዐሥር ወር ሞልቷል» እያሉ ያሙታል። ድሮ አብሯቸው ይስቅ ነበር።

አዲስ ተማሪ መጀመሪያ ወገብ በሚደርስ ውሃ ጀልባዋን ራሱ ገልብጦ መውጣትን ይለማመዳል። ቀጥሎ በጀልባ ቤቱ ጣሪያ ላይ የታሰረው ቀይ ጨርቅ ይታያል፤ ጫፉ ወደ ሐይቁ ካመለከተ ማንም አይገባም። ከየብስ የሚነፍስ ነፋስ አታላይ ነው። ዳር ዳሩን ውሃውን ያስተኛል፤ መሀል የደረሰውን ግን አይመልስም።

የጋሽ ቆይ ታናሽ ወንድም ልብስ ሰፊ ነበር፤ በአርባ ዓመቱ ቀዘፋ ልማር አለ። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ እንዳባራ መጣ። እኔ አናጢው በጀልባ ቤቱ ግድግዳ ሥር ጀልባ እጠግን ነበር።

«ዛሬስ ብቻዬን ልሂድ፣ ወንድም ጋሼ?»

«ቆይ።»

«ኧረ ተው! እስክሸብት ልቆይ?»

«እሱስ ብዙም አልቀረህም» አለና ጨርቁን ቀና ብሎ አየው። ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። «እሺ፣ እስከ ሸምበቆው ብቻ። ላይፍ ጃኬትህን እሰር፤ ከወደቅህ የሚያንሳፍፍህ እሱ ነው።»

«ይጠበኛል እኮ! ልብስ ሰፊ ሆኜ በልኬ ያልተሰፋ ልልበስ?»

ይህን ብሎ ሳቀና ራሱ አሰረው። ሸምበቆውን በጥቂት ቀዘፋ አልፎ መቅዘፊያውን ወደ እኛ ከፍ አደረገ። መመለስ ግን አቃተው። ሸምበቆው ወደ ሐይቁ መጎንበሱን ያየነው ያኔ ነው። ነፋሱን ግድግዳው ከልሎልን ነበር፤ ጨርቁም ዝናብ ጠጥቶ ከብዶ ኖሯል።

ጋሽ ቆይ በሌላ ጀልባ ተከተለው። ያገኘው የተገለበጠ ጀልባና የተፈታ ጃኬት ብቻ ነው። ወንድሙን በማግስቱ አወጣነው።

«ጃኬቱን የፈታው ራሱ ነው፤ አንተ ምን ታደርግ!» ብለን አጽናናነው።

«አየሁት እንጂ አልዳሰስኩትም» ይላል፣ ስለ ጨርቁ።

እኔ ግን የዚያን ዕለት ጠዋት ስገባ ከጨርቁ ውሃ ሲንጠባጠብ አይቼ ነበር። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

አሁንም ያስተምራል። በየጠዋቱ መሰላል ላይ ወጥቶ ጨርቁን በሁለት እጁ ይጨምቃል፤ ዝናብ በሌለበት በጋም ቢሆን።

«ደርቋል እኮ፣ ጋሼ!» ይሉታል ተማሪዎቹ ከታች።

እሱ ይጨምቃል። እኔ መሰላሉን እይዝለታለሁ።