በፊልትሮው አፍ ላይ ያሰርኩት ነጠላ

ሰው ስለ መኪና ሲያስረዳኝ ቶሎ ይደክመኛል። ድሮም እንዲህ ነበርኩ። በደርግ ጊዜ ጅማ ውስጥ የአንድ የመንግሥት ቡና መሥሪያ ቤት መካኒክ ሳለሁ፣ ሹፌር መጥቶ «መኪናዋ እንዲህ እንዲህ ትላለች» ብሎ ሳይጨርስ አቋርጠው ነበር። ሥራዬን አልችልም ነበር ማለቴ አይደለም፤ እችል ነበር። ጉዱም የመጣው ከዚያ ነው። መቻሌን ሁሉም ያውቁ ነበር፣ ከሁሉም በላይ ግን እኔ ራሴ አውቀው ነበር።

ጋራዣችን ጀንፈል ቡና የሚፈለፈልበት ግቢ ውስጥ ነበር። ማሽኑ ከተነሳ የገለባው ብናኝ ሰማዩን ይሸፍነዋል። ምሳችን ላይ ያርፋል፣ ጆሮአችን ይገባል፣ መኪኖቹንም አይምርም። መኪና እንደ ሰው አየር ይስባል፤ የሚስበው አየር ፊልትሮ በምንለው ቆርቆሮ ውስጥ ያልፍና እታች የተቀመጠው ዘይት አቧራውን ይይዝለታል። በኛ ግቢ ግን ያ ዘይት በሳምንቱ አተላ ይሆናል። አዲስ ዘይት ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ለዘይት ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ደብዳቤው ማኅተም ያስፈልገዋል፣ ማኅተም ያዡ ስብሰባ ላይ ነው።

እኔ ታዲያ ዘዴ ፈጠርኩ። የሚስቴን አሮጌ ነጠላ ቀድጄ፣ ሁለት ላይ አጥፌ፣ የላንድሮቨሯ ፊልትሮ አየር የሚስብበት አፍ ላይ በሽቦ አሰርኩት። ክዳኑ ስለሚሸፍነው ከውጭ አይታይም። ገለባው ነጠላው ላይ ይቀራል፣ ዘይቱ ወር ይቆያል። የሚፈለገው ነገር ቢኖር ነጠላውን በየሳምንቱ ፈትቶ ማራገፍ ብቻ ነው። ለሹፌሩ አልነገርኩም። ለምን እነግራለሁ? አንዱ ከሰማ ሁሉም መካኒክ ሊሆንብኝ! ሁለት ወር ያለ እንከን ሠራ፣ እኔም በልቤ ኮራሁ።

ላንድሮቨሯን የሚነዱት ሰውዬ የጅማ ተወላጅ፣ እስላም፣ የበቾ ቦሬ ሰፈር ሰው ነበሩ። በአሥራ አምስት ዓመት ስለሚበልጡኝ አንቱ እላቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ «ኦቦሌሳ» ይሉኛል፣ ወንድሜ ማለታቸው ነው። መጋቢት ላይ ዝናቡ ሳይታሰብ የጀመረ ሰሞን ጋራዡ በር ላይ አቆሙና ወረዱ።

«ኦቦሌሳ፣ ይቺ መኪና ትንፋሽ አጥሯታል» አሉኝ። «ሜዳ ላይ ደህና ናት። ዳገት ላይ ግን ትታፈናለች፣ ጥቁር ጭስም ትተፋለች። እያት ማሎ፣ እባክህ።»

«እግርዎን ቀለል ያድርጉላት። በቤንዚን እያሰከሯት እኮ ነው።»

«ሃያ ዓመት ነዳሁ እኮ!»

«ሃያ ዓመት ሙሉ እግርዎ ከባድ ነበራ!»

ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ስድቤን ችለው መሳቃቸው እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ያን ሳምንት ለሰልፍ ልምምድ እያስወጡን ስለነበር ነጠላውን ሳላራግፍ ረስቼዋለሁ። ክዳኑን ለመክፈት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አልከፈትኩትም።

በሁለተኛው ቀን የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ በዚያችው መኪና ወደ የቡ ከተማ ተነሳ። ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ትልቅ ሰው ገበሬውን ሊሰበስቡ ነበርና መድረኩን የሚከፍተው እሱ ነበር። ዝናቡ ይወርዳል። የቡ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ዳገቱ ላይ መኪናዋ ታፈነች፣ ጭስ ተፋች፣ ቆመች። ካድሬው አዲስ ካኪውን እንደለበሰ በጭቃው ውስጥ በእግሩ ገሰገሰ፤ አዳልጦትም ወደቀ። ሲደርስ ስብሰባው እያበቃ ነበር። ከአንገቱ በታች ጭቃ ብቻ ሆኖ ሲያዩት ገበሬዎቹ ሳቁ አሉ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ ቀበሌ ታሰሩ። ክሱ አንድ ቃል ነው፤ አሻጥር። በዚያ ዘመን ይቺ ቃል ቀልድ አልነበረችም። በሷ ተጠርተው ሄደው በዚያው የቀሩ ሰዎች ነበሩ።

በማግሥቱ መኪናዋን በጭነት መኪና ጎትተው አመጧት። ካድሬው አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«ጓድ፣ ምን እንደሆነች መርምረህ በጽሑፍ ትሰጠኛለህ» አለኝና ስልክ ተጠርቶ ወደ ቢሮ ሄደ።

ኮፈኑን አንስቼ የፊልትሮውን ክዳን ፈታሁ። ወይ ጉዴ! ነጠላው ነጠላ መሆኑ ቀርቷል። ገለባው በእርጥበቱ ርሶ፣ ቦክቶ፣ እንደ ሊጥ አፉን ደፍኖታል። አየር የምታገኝበት ቀዳዳ አልነበራትም። ያነቅኳት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ።

ማንም ሳያየኝ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። ፊልትሮውን በቤንዚን አጠብኩ፣ ዘይቱን ቀየርኩ፣ የካንዴላዎቹን ጥላሸት ጠርጌ መለስኩ። አስነሳኋት። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ።

ካድሬው ተመልሶ መጣ። «እህስ፣ ምን አገኘህ?»

«ምንም። ደህና ናት።»

ቆሻሻ ነው ብል የማጽዳቱ ሥራ የማን ነው ሊለኝ ነው፤ የኔ ነው። መኪናዋ ጉድለት ከሌለባት ደግሞ ጥፋትም የለም፣ ሰውዬውንም ይለቋቸዋል ብዬ አሰብኩ። ወይም እንደዚያ እንዳሰብኩ ለራሴ ነገርኩት፤ አሁን የቱ እንደሆነ መለየት አልችልም።

ካድሬው መሪውን ያዘና ወደ ጅሬን ዳገት ወሰዳት። ብዙም ሳይቆይ እየሳቀ ተመለሰ።

«ዳገቱን በረረችበት!» አለ። «መኪናዋ ጤነኛ ናት። እንግዲህ ሰውዬው ሆን ብሎ ነው ያቆማት። ጻፍልኝ።»

ያኔ ነው የሠራሁት የገባኝ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ሁለት ሕፃናት ልጆች ነበሩኝ፣ ካድሬው ደግሞ ሽጉጥ ታጥቋል። ብዕሩን ተቀብዬ «መኪናው ላይ ምንም ዓይነት ጉድለት አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩም። ኪሴ ውስጥ ያለው ነጠላ ሱሪዬን አልፎ ጭኔን ያርሰው ነበር።

ሦስት ወር ታሰሩ። ዛሬስ ሄጄ እናገራለሁ ብዬ ተነስቼ ከመንገድ የተመለስኩበትን ቀን አልቆጠርኩትም። ሚስታቸው በየቀኑ ምሳ ይዘው ወደ ቀበሌው ይሄዳሉ። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቻቸው ሳህኑን ተቀበልኳቸው፤ ከዚያ በኋላ በምሳ ሰዓት እየጠበቅኩ እስከ በሩ እይዝላቸው ጀመር።

«አላህ ይስጥህ ልጄ» አሉኝ አንድ ቀን። «ሌሎቹ የሥራ ጓደኞቹ እኮ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በማግሥቱ ግን ምንም እንዳልተባለ ሰው ሳህኑን ይዤ ሄድኩ። አይ እኔ!

ካድሬው ወደ ሌላ አውራጃ ሲዛወር ሰውዬውን የሚፈልጋቸው ጠፋና ለቀቋቸው። ከሥራ ግን ተባረሩ፣ መንጃ ፈቃዳቸውም ተወሰደ። ፋይላቸው ላይ ያቺ ቃል እንደተጻፈች ቀረች።

በሳምንቱ ቤታቸው ሄድኩ። ሚስታቸው ገበያ ነበሩ። ተቀመጥ ሲሉኝ አልተቀመጥኩም፤ ከነጠላው ጀምሬ እስከ ፈረምኩበት ወረቀት አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ከስተዋል፣ ጺማቸው ሸብቷል። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ።

«ሁለት ጊዜ ጠርተውኝ ነበር» አሉ። «መካኒኩ ነው ያበላሻት ብለህ ፈርም፣ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ አሉኝ። እምቢ አልኩ። ከመካከላቸው አንዱ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ያውቀኛል። እንግዲያው በቁርዓን ማል አለኝ። ይዤ ማልኩ። ወላሂ፣ ያ ልጅ እጁ የለበትም ብዬ ማልኩ።»

እንባዬ መጣ። «ነገ ጠዋት ሄጄ ሁሉን እናገራለሁ» አልኳቸው። «እኔን የፈለጉትን ያድርጉኝ። ስምዎ ይጸዳል፣ ሥራዎም ይመለስልዎታል።»

«ተው!» አሉ ከመቀመጫቸው ተነስተው። ሲቆጡ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። «አፍህን ያዝ! አሻጥረኛ ይበሉኝ፤ አለመሆኔን አላህ ያውቃል። ቁርዓን ይዞ የዋሸ ሰው ልጆች ተብለው ግን ልጆቼ በዚህ ከተማ አይኖሩም። ሳላውቅ መማሌን ማን ያምነኛል? ለማንም እንዳትናገር። በማርያም ማልልኝ።»

ማልኩላቸው። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን ይመልሳሉ፣ «ኦቦሌሳ» ግን ብለውኝ አያውቁም።

ሲሞቱ ደርግ ከወደቀ ቆይቷል። ቀብራቸው ላይ ከኋላዬ የቆሙ ሁለት ሰዎች «ማን ናቸው?» «ያ በአሻጥር ታስሮ የነበረው ሹፌር» ሲባባሉ ሰማሁ። ዞር ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ መሐላዬ ትዝ ብሎኝ መልሼ ዘጋሁት። እዚህም ላይ ስማቸውን ያልጻፍኩት ለዚሁ ነው።