የዘለልሁት ስም

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። በየጾሙ ትንሽ ትንሹን ኃጢአት አወጣና ይችን አልፋት ነበር።

እናንየ ጎረቤቴ ነበረች። ከአይከል ለትዳር ጎንደር መጥታ ሠላሳ ዓመት አንድ አጥር ተጋርተናል። ፊደል አልቆጠረችም። እኔ መዝገብ ቤት ስሠራ የኖርሁ ነኝና፣ ፍልሰታ ሲገባ ወደ ገዳም ለጸሎት የምትልከውን ስመ ክርስትና የምጽፍላት እኔ ነበርሁ። መጀመሪያ የራሷን፣ ሥርጉተ ኪዳን፤ ቀጥሎ የባሏንና የወንድ ልጇን። ከሁሉ በታች አንድ ስም ታስጨምረኛለች፤ ወለተ ሰንበት። ማን ናት ብዬ አልጠየቅኋትም። ከብዙ ዓመት በኋላ ራሷ ነገረችኝ። ሳታገባ የወለደቻት፣ ቤተሰቦቿ ገና በጨቅላነቷ ለሳንጃ ሰዎች የሰጡባት ልጇ ናት። ባሏም ወንድ ልጇም አያውቁም።

«አንቺና ወረቀቱ ብቻ» አለችኝ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ልብ ወለድ መጻፍ ጀመርሁ። የእህቴ ልጅ አስተማሪ ናት፤ ፌስቡክ ላይ ገጽ ልትከፍትልኝ ተቀመጠች።

«አክስቴ፣ በማን ስም ላድርገው?»

በስሜ አይሁን አልኋት። የሰንበቴ ማኅበርተኞቼ ምን ይሉኛል?

«እንግዲያ አንድ ሸጋ ስም አምጪ። ብቻ የአሮጊት እንዳይሆን!» ብላ ሳቀች።

«ሥርጉተ ኪዳን» አልሁ።

ለምን አልሁ? እጄ የለመደው ስም ስለሆነ? ስመ ክርስትናን ከካህን በቀር ማን ያውቀዋል ብዬ? አይደለም። ስሙ አማረኝ፤ ወሰድሁት። ስሙን ወሰድሁ፤ ቀጥሎ ታሪኩን ወሰድሁ። የመጀመሪያው ልብ ወለዴ ለሳንጃ ሰዎች ስለተሰጠች ሕፃን ነበር። አገሩን እንኳ አልቀየርሁም። ሰው ወደደው። እኔም ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅም።

የእናንየ ልጅ ሆስፒታል የሚሠራ ትልቅ ሰው ነው። እናቱ ስትታመም ጠበል እየወሰደ ስመ ክርስትናዋን ለካህኑ የሚነግረው እሱ ነበር። ይህን አላሰብሁም። አንድ ቀን እናንየ የልጇን ስልክ ይዛ ቤቴ መጣች።

«ልጄ ይህን አንብቦ ‹እህት አለችኝ ወይ?› አለኝ። ምን ይላል ብዬ ብጠይቀው እንቢ አለ። እስቲ አንቺ አንብቢልኝ።»

አነበብሁላት። እኔ የጻፍሁትን እኔው አነበብሁላት፤ ድምፄ እንኳ አልተሰበረም። የነጠላዋን ጥለት እያጠፈች እየዘረጋች ሰማች። ስጨርስ ቀና አለች።

«የጻፈውን ሰው ስም ምነው ዘለልሽው?»

«አልተጻፈበትም» አልኋት።

«ልጄ ግን አይቶታል» አለች። ስልኩን ከእጄ ወስዳ ወጣች። አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም።

ከዚያ ወዲያ ስንገናኝ እግዜር ይመስገን ትለኛለች፤ ሌላ የለም። ፍልሰታ ሲገባ ወረቀት ይዛ አልመጣችም። በሌላ ሰው ያጻፈችም አይመስለኝም። የመጨረሻውን ስም ማን ናት ቢሏት ምን ትላለች? በጸሎት ስሟ እንዲጠራላት የምትሻላት አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ያንንም ነጠቅኋት።

በዓመቱ አረፈች። ፍትሐቱ ላይ ካህኑ ሥርጉተ ኪዳን እያሉ ሲጠሯት ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ ሰማሁ። ቤቴ ገብቼ ስልኬን ስከፍት አንዲት አንባቢ ጽፋልኛለች፤ «ሥርጉተ ኪዳን፣ ዕድሜሽን ያርዝመው።»

ገጹን ዘጋሁት። መዝጋቴ ምን ይፈይዳል? ጥፋቱን የፈጸምሁት በስሟ ስጽፍ ብቻ አይደለም። ዓይኔን እያየች እውነቱን እንድናገር ዕድል ሰጥታኝ ነበር፤ ያን ጊዜም ስሙን ዘለልሁት።

ይህን በራሴ ስም አወጣዋለሁ። ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። ዘንድሮ ፍልሰታ ሲገባ ከደብተር አንድ ወረቀት ቀደድሁና ሥርጉተ ኪዳን፣ ወለተ ሰንበት ብዬ ጽፌ ወደ ገዳም ላክሁ። የራሴን ስም አልጨመርሁም።