መልስ የሚዘገይበት ሰው

ቀኑን በትክክል አላስታውስም። ፍልሰታ ተፈትቶ ነበር፤ ቁርስ ላይ እንቁላል ስለነበረ ያን አውቃለሁ። ሰኞ ይሁን ማክሰኞ ግን እንጃ። ባለቤቴ አንድ ቀን ትላለች፣ ልጄ ሌላ ትላለች።

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር ባለው አፓርታማችን ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ ሻዩ በከንፈሬ ቀኝ በኩል እየወረደ ሸሚዜን አራሰው። አልተሰማኝም። ያየችው ባለቤቴ ናት።

«ምን ሆነህ ነው እንደ ሕፃን የምታዝረከርከው?» አለችኝ።

ልመልስላት ፈለግሁ። የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም። ቀና ብላ ስታየኝ አፌ ወደ ጎን ተጣሟል።

«ምች ነው! ትናንት ፀሐይ ላይ አትቁም አላልኩህም?»

በረንዳ ላይ በባልዲ የተከለችው ዳማከሴ ነበራት። ቅጠሉን አሽታ ጭማቂውን አጠጣችኝ፤ ትን አለኝ። ግንባሬን ቀባችኝ፣ ጋቢ አልብሳ አስተኛችኝ። እሷን አልወቅስም። መናገር ብችል እኔም ምች ነው እል ነበር።

ተኛሁ። ስነቃ ቀኝ እጄ የኔ አልነበረም። እግሬም። ልጣራ ሞከርኩ። አቃተኝ። በግራ እጄ አልጋውን መታሁ።

ልጃችን ሄለን ሌላ ከተማ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ባለቤቴ በቪዲዮ ደወለችላትና ስልኩን ፊቴ ላይ ያዘችው።

«አባዬ፣ እስቲ ስማይል አድርግ» አለችኝ።

ሞከርኩ። ፊቷ ተለወጠ።

«እማዬ፣ ናይን ዋን ዋን ደውይ፣ አምቡላንስ ይምጣ! ናው!»

ሆስፒታል ሐኪሙ በአስተርጓሚ «ለመጨረሻ ጊዜ ጤነኛ ሆነው ያዩዋቸው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ባለቤቴ «ጠዋት፣ ከሻዩ በፊት» አለች። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ።

«ስትሮክ ነው። የረጋ ደም የጭንቅላታቸውን የደም ሥር ዘግቷል። የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው። አልፏል።»

አልፏል። ሰማሁት። ሁሉንም እሰማ ነበር።

እግሬ በፊዚካል ቴራፒ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ተመለሰ፣ እጄም ተከተለው። ንግግሬ ግን እንቢ አለ። አፌዥያ ይሉታል። ውሃ ስፈልግ «በር» እላለሁ። ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው «እንዴት ነዎት ጋሼ?» ይለኛል፤ እኔ ቃሉን ፈልጌ ሳገኝ ወሬው ስለ መኪና ሆኗል። ባለቤቴ ታዝንልኝና በኔ ፈንታ ትመልሳለች። «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ደህና አልነበርኩም። መናገሩን ተውኩት። እንግዳ ሲመጣ የተኛሁ መሰልኩ።

ከጥምቀት በኋላ የሄለን እጮኛ ሽማግሌ ሊልክ ነበር። ለሽማግሌ መልስ የሚሰጠው አባት ነው። እኔም ዊተን የሚኖረውን የባለቤቴን ወንድም ፎቶ በጣቴ አመለከትኩ፤ እሱ ይመልስ ማለቴ ነው። ሄለን ገባት። «ኖ፣ አባዬ። አንተ ካልመለስክ አይመጡም» አለችና ፊቷን አዞረች። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ልጄን በራሴ አፍ ሳልድር ልቀር ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ የድሮ የእንግሊዞች ኮሜዲ በቴሌቪዥን ይታያል። ነገሩ አበባ ሱቅ ውስጥ ነው። ባለሱቋና እህቷ ሲጨቃጨቁ አንድ ቃል አይገባኝም። አበባ የሚያደርስላቸው አንድ ቂል ሰውዬ ግን አለ፤ ቁመቱ ረጅም፣ ኮቱ አጭር። የሠርጉን አበባ ለቀብር ይወስዳል፣ የቀብሩን ለሠርግ። ቀደም ብለው «ሻይ ትጠጣለህ?» ላሉት፣ ሰው ሁሉ ሌላ ወሬ ውስጥ ገብቶ እያለ «አዎ፣ ሁለት ስኳር» ብሎ ይመልሳል። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሠላሳ ዓመት እዚህ አገር ስኖር የሚናገረው ሁሉ የገባኝ ፈረንጅ ይሄ ሰውዬ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ከፋኝ። እኔን መሰለኝ። እያየሁት ስሄድ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ባለሱቋ ትቆጣዋለች፣ መልሱን ግን ትጠብቃለች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትጠብቀዋለች። የሚለው ቂልነት ቢሆንም የራሱ ነው፤ ማንም ከአፉ አይነጥቀውም። እሱም አያፍርም።

አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ሾርባ አምጥታ «ምን ይጨመርበት?» አለችኝና ወዲያው «ምንም አይፈልግም» ብላ ለራሷ መለሰች። በከዘራዬ ቴሌቪዥኑን ጠቆምኩ። ባለሱቋ እጇ ወገቧ ላይ ነው። ባለቤቴ እሷን አየች፣ እኔን አየች።

«እንደዚህች ልቁምልህ ነው የምትለው?»

አዎ በሚል ራሴን ነቀነቅሁ። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ቆመች። ዝም ማለት ለሷ ቀላል ሥራ አይደለም።

«ጨ… ጨው» አልኩ።

«እሱንማ ዶክተሩ ከልክሏል!» አለች። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ሳቅን።

ንግግር ለምታለማምደኝ ስፒች ቴራፒስት ብንነግራት ደስ አላት። «ሐሳባቸው እንዳለ ነው፣ ቃል ፍለጋ ላይ ናቸው። እስከ አስር ቆጥራችሁ ጠብቋቸው» አለች። ከዚያ በኋላ የበረዶውን ወራት ሙሉ፣ ጠዋት ልብሴን ስለብስ የልብሱን ስም፣ ስንበላ የምግቡን ስም፣ ቅዳሜ ደግሞ ሰውዬው ከመመለሱ በፊት እኔ በአማርኛ እየመለስኩ፣ አንዳንዴ እየቀደምኩት አንዳንዴም እየቀደመኝ፣ ቃሎቼ አንድ በአንድ ይመጡልኝ ጀመር።

ጥምቀት አልፎ ሽማግሌዎቹ አናንዴል ከሚባለው ሰፈር መጡ፤ ሦስት ናቸው። «ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን ነው የመጣነው። እሺ ሳይሉን አንቀመጥም» አለ ትልቁ።

ቃሉ እንቢ አለኝ። የባለቤቴ ወንድም ሊናገር ሲል ባለቤቴ ክንዱን ያዘችው። ሽማግሌዎቹ እያመነታሁ መሰላቸው።

«ልጁ ሲጋራ አይነካም» አለ አንዱ።

ከዘራዬን ጨብጬ ቃሉን ፈለግሁ።

«ቤተ ክርስቲያን ይስማል» አለ ሌላው።

ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደረሰና ተመለሰ።

«ሳህን ያጥባል፣ ጋሼ!» አለ ሦስተኛው ጨንቆት። ጓዳ ውስጥ ሄለን ሳቋን ስታፍን ሰማኋት።

«ተ…ቀመጡ» አልኩ። ተቀመጡ። «ልጄ… ልጃችሁ ናት።»

ሲወጡ ትልቁ ሽማግሌ ግንባሩን እየጠረገ «ከባድ አባት ናቸው» አለ ይሉኛል።

ዛሬም ስም ይጠፋኛል፤ ስልክ ላይ ደግሞ ይብሳል። ይህ ሕመም ለያዛችሁ የምለው ትንሽ ነው። አፍ ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳከረ ቅጠል አትሹ፤ ናይን ዋን ዋን ደውሉ፣ የጀመረበትንም ሰዓት ያዙ። ሐኪም እንዴት ነህ ሲል በይሉኝታ ደህና አትበሉ። ልትጠይቁ ስትሄዱ የበሽተኛውን ቃል አትቀሙት፤ ይምጣለት። ሐኪሞቼንና ቴራፒስቴን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን አርባ ዓመት ስታወራልኝ ኖራ፣ ለኔ ስትል ዝም ማለትን የተማረችው ባለቤቴ ናት። ሙሉነሽ።